አሥራ ሁለት ምሰሶ

አባቴ በስልክ ያዘዘኝ አጭር ነበር፤ አሥራ ሁለት ምሰሶ፣ ሃያ ማገር፣ ለጣሪያው የሚበቃ ወራጅ። ቆርቆሮውንና ሚስማሩን ራሱ እዚያው ሸዋ ሮቢት ገዝቷል። እንጨቱን ግን ከደጋ እንድልክለት ፈለገ። እኛ አገር ያለው ግራር ነው፤ ለማገዶ እንጂ ቀጥ ብሎ ለመቆም አይሆንም።

የሚሠራው ግድግዳ የሌለው የሽንኩርት መጋዘን ነበር። ጣሪያ፣ ከሥሩ ሽንኩርቱ ተዘርግቶ ንፋስ የሚያገኝበት ቆጥ፣ ሌላ ምንም የለውም። ባለፈው ዓመት ሽንኩርቱ ተነቅሎ ማሳው ላይ ተከምሮ ፀሐይ ሲቀቅለው ሰንብቷል። ደላላው በየማለዳው በባጃጅ ይመጣል፣ ክምሩን በጫማው ጫፍ ነካ ያደርጋል፣ ከትናንቱ ያነሰ ዋጋ ጠርቶ ይሄዳል። በአምስተኛው ቀን አባቴ ሸጠለት። ወር ሳይሞላ ገበያው ተወደደ። ዘንድሮ አንድ ወር ብቻ በጥላ ሥር ማቆየት ከቻለ ያንን ሰው ደጁ ላይ እንደማያቆመው ነገረኝ። ሌላ የተመኘው ነገር አልነበረም።

እኔ ሃያ ዓመት በዘገባ ሥራ ላይ ነኝ። የአባቴን ትእዛዝ እንደማንኛውም ቃለ ምልልስ ደብተሬ ላይ ጻፍሁ፤ ስጽፍ ግን አረምሁት። ምሰሶ እኔ የማውቀው ቤት መሐል የሚቆም አንድ እንጨት ነው። አሥራ ሁለት ምሰሶ ያለው ቤት አይቼ አላውቅም። ሽማግሌው ቃሉ ተምታቶበት ነው አልሁና «አሥራ ሁለት ቋሚ» ብዬ አሰፈርሁ። መልሼ ደውዬ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ጣርማ በር አካባቢ ባሕር ዛፍ ለሚሸጥ ሰው ደወልሁ። «ቋሚው የተለመደው ይሁን?» አለኝ። የተለመደው ምን እንደሆነ አላወቅሁም። አዎ፣ የተለመደው፣ አልሁት።

የጭነት መኪናው የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ ቁልቁለቱን ወርዶ ማሳው ዳር ሲቆም እኔም ፈቃድ ወስጄ ደርሼ ነበር። ሽንኩርቱ ተነቅሏል። አናጢው የአባቴ እኩያ ነው፤ ካራቆሬ በኩል የሚኖር፣ እጁ የተመሰከረለት፣ መካ ሄዶ የማያውቀውን አባቴን «ሐጂ» እያለ ሲያሾፍበት የኖረ ሰው። ጉድጓዶቹን ቀድሞ ቆፍሮ ጨርሷል፤ ክንዱን ሲከት እስከ ብብቱ ይውጡታል። እንጨቱን ለማውረድ አምስት ስድስት ጎረቤቶች መጥተዋል።

አናጢው አንዱን ቋሚ በአንድ እጁ አንሥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አቆመው። ባልዲ ውስጥ የቆመ ማማሰያ መሰለ።

«አንተ ጋዜጣ፣» አለኝ፤ ሁልጊዜም የሚጠራኝ እንደዚያ ነው። «ለቲማቲም መደገፊያ ነው ያመጣኸው?»

ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ አልሳቀም።

«ምን ብለህ ነው ያዘዝኸው?» አለኝ።

«ቋሚ።»

«እኔ ምን አልሁህ?»

«ምሰሶ።»

ልዩነቱን ያስረዳኝ አናጢው ነው። ቋሚ የጭቃ ቤት ግድግዳ ነው፤ አጠገብ ላጠገብ ይተከላል፣ በማገር ይታሰራል፣ ጭቃው ደግሞ ይይዘዋል። ለብቻው አይቆምም። ግድግዳ በሌለው ሥራ ላይ ጣሪያውን የሚሸከመው ሁሉ ምሰሶ ነው፤ አንድም ይሁን አሥራ ሁለት፣ ወፍራም ነው። ይህንን እዚያ ከቆሙት ሰዎች የማያውቅ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ሻጩ ጋ ደወልሁ። አልተቆጣም። «ወንድሜ፣ ቋሚ አልክ፣ ቋሚ ላክሁ። የተለመደው እንደሆነም ጠይቄሃለሁ» አለኝ። ልክ ነው። ወፍራሙን ለመላክ ሳምንት እንደሚፈልግ ነገረኝ። በጣርማ በር በኩል ደመና መቋጠር ጀምሯል፤ የተነቀለ ሽንኩርት ደግሞ ሳምንት ሜዳ ላይ አይጠብቅም።

እኔ እንጠብቅ፣ ሽንኩርቱን በሸራ እንሸፍነው አልሁ። አባቴ ወደ ጎረቤቶቹ አየ፣ ወደ እኔ አየ።

«ይበቃል። ቢስሚላህ በሉና ጀምሩ» አለ።

«ሐጂ፣ እኔ በዚህ ላይ ቆርቆሮ አልሰቅልም» አለው አናጢው።

አባቴ ክንዱን ይዞ ፈንጠር አደረገው። ድምፁን ቢቀንስም ንፋሱ ወደ እኔ ነበር። «ልጄ በሰው ፊት አፍሮ ቆሟል» ሲለው ሰማሁ። «በሞቴ። ያንተ እጅ ከነካው ይቆማል። ነገሩም ከኛ አይውጣ።»

አናጢው ተመልሶ መጣ። ከዚያ ወዲያ «ጋዜጣ» አላለኝም። ቀጫጭኖቹን እንጨቶች ሁለት ሁለት እያጣመረ በሽቦ አሰራቸው፤ ስለዚህ ከአሥራ ሁለቱ ጉድጓዶች ስድስቱ ባዶ ቀሩ። ከየጎኑ በማገር ሰያፍ ድጋፍ አቆመ፣ ቆርቆሮውንም መታ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ሲጨርስ «ብርቱ ንፋስ ካልመጣ ይይዛል» አለ፤ ለማንም ሳይሆን መዶሻውን እያየ። ሽንኩርቱ ቆጡ ላይ ወጣ። አባቴ ጠዋት ማታ በእጁ እያገላበጠ ይፈትሸው ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ከቀትር በኋላ ዐስር ሶላት ተሰግዶ ሳለ፣ ከአዋሽ በኩል ንፋስ ተነሣ። ግድግዳ ስለሌለው በሥሩ ገብቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፋው፣ ከዚያ ለቀቀው። በምዕራብ በኩል ያሉት ጥንድ እንጨቶች ከሽቦው እየተፈለቀቁ ተሰበሩ፤ ቆርቆሮው ከነወራጁ ቆጡ ላይ ወደቀ። ወዲያው ዝናቡ ተከተለ፣ እስኪመሽም አላባራም። እርጥብ ሽንኩርት በዚያ ሙቀት ሁለት ቀን አይዘልቅም። የተጨፈለቀው ሌሊቱን መሽተት ጀመረ።

ጠዋት አናጢው ሳይጠራ መጥቶ ቆርቆሮውን ማንሣት ጀመረ። ጎረቤቶችም ተሰበሰቡ። ደላላው በባጃጅ ደረሰ። ከሽንኩርቱ ዳር ሆኖ ጥቂቱን በእጁ ጨመቅ አደረገና ዋጋውን ጠራ፤ አባቴ ሳይከራከር ራሱን ነቀነቀ። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ደላላው የወደቀውን ሲያይ ቆየና ማን እንደሠራው ጠየቀ።

«ንፋስ ነው» አለ አባቴ። «የአላህ ቀደር ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ደላላው ከቆርቆሮው ላይ ሚስማር ወደሚነቅለው አናጢ ዞረ። «አንቱ ነዎት የሠሩት? እኔም ካራቆሬ ላይ ለማሠራት ሰው እየፈለግሁ ነበር» አለው። የወደቀውን ጣሪያ እያየ፣ ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ከጎረቤቶቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ። እንጨቱ ሲወርድ እዚያው ነበሩ።

አናጢው ቀና አለ። አባቴን አላየውም፤ እኔን አየኝ፣ እስክናገርም ጠበቀ። ማን ምን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ቃል፣ ሻጩ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ፣ አናጢው አልሠራም እንዳለ ሁሉንም በቅደም ተከተል አውቃለሁ። ለመናገር አራት ዐረፍተ ነገር ይበቃል።

ሽንኩርቱን የሚጭነው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚመጣ ደላላውን ጠየቅሁት።

«ከቀትር በፊት» አለኝ።

አናጢው ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። የነቀላቸውን አንድ በአንድ ድንጋይ ላይ እያቃና ለአባቴ በቆርቆሮ ጣሳ አስቀመጠለት፤ ለምሳ ብንጠራውም ሳይበላ ሄደ።