ለእማማ የተረጎምኳቸው የአክስት ልጆች

ቤታችን ውስጥ አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሥራውን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም፤ እዚህ ፈረንጅ አገር፣ አውሮራ ከተማ ስወለድ አብሮኝ የተወለደ ይመስለኛል። የሐኪም ቀጠሮ እተረጉማለሁ፣ የመብራት ኩባንያውን ስልክ እተረጉማለሁ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ለእማማ ፊልም እተረጉማለሁ። እማማ የእናቴ አክስት ናቸው፤ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። እንግሊዝኛቸው “ኖ ሹገር” ላይ ያበቃል።

እማማ የሚወዱት የድሮ ዘመን ፊልም ነው፤ ፈረስ፣ ሻማ፣ መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ያለበት። “ሰዎቹ ለብሰዋል” ይላሉ፤ ሌላ ምክንያት የላቸውም። እናቴ እንግልውድ ውስጥ አረጋውያን ስለምትንከባከብ ቅዳሜ ቤት የለችም። ስለዚህ ፊልሙን የምመርጠው እኔ ነኝ። የምመርጠው ደግሞ ሁለት ሴቶች የሚዋደዱበትን ነበር። እኔም እንደነሱ ሴት የምወድ ልጅ ነኝ። ይህንን ቤት ውስጥ ለማንም አልተናገርኩም።

ችግሩ ትርጉሙ ላይ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት ሴቶች በአማርኛ የሰማኋቸው ቃላት በሙሉ ስድብ ናቸው። በስድብ ልተረጉማቸው አልፈለግኩም። ስለዚህ የአክስት ልጆች አደረግኳቸው።

በመጀመሪያው ፊልም አንዷ የአክስት ልጅ በትኩሳት ሞተች፤ ሌላዋ ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ባሕሩን ስታይ ከረመች። በሁለተኛው አንዷ ተዳረች፤ ሌላዋ በመስኮት አየቻት። እማማ አለቀሱ።

“እኛ ፈረንጅ ዘመድ አያውቅም እንላለን” አሉ፤ “ለካ አምተናቸዋል።”

ይህንኑ ሃቫና ስትሪት ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ተናገሩ። ከዚያ እናቴ ላይ ዞሩ። እናቴ ጎረቤት ከተማ፣ ሴንቴኒያል ከምትኖር የሌላ አክስቷ ልጅ ጋር ተኳርፋ ነበር። “ሰው ለአክስት ልጁ ይሞታል፤ አንቺ ሴንቴኒያል መድረስ አቃተሽ!” አሏት። እናቴ በሚቀጥለው እሑድ ኬክ ይዛ ሄደች። ታረቁ። እኔም ትርጉሜን አላረምኩም።

እውነቱን ለመናገር እኔም ፊልሞቹን አላመንኳቸውም። ሁለት ሴቶች ከተዋደዱ ማንም ምግብ አይሠራም። ይተያያሉ። ንፋስ ይነፍሳል። እንደገና ይተያያሉ። ኬሚስትሪ ክፍል አጠገቤ የምትቀመጠውን ልጅ እኔ ሳያት ምንም ንፋስ የለም። እርሳስ ታውሰኛለች፤ አልመልስላትም።

ሦስተኛው ፊልም ግን ሌላ ነበር። ሁለት ሴቶች በረዶ የከበበው ቤት ውስጥ በግ እያረቡ ይኖራሉ። አንድ ቀን እንጨቱ ረጥቦ እሳቱ እምቢ ሲል ተጣሉ። ማን ውጭ እንደተወው ተካሰሱ። እራት ላይ ገና እንደተኳረፉ አንደኛዋ የሌላዋን ሳህን ወደ ራሷ ሳበች፤ የዓሣውን አጥንት ለቅማ ለቅማ መለሰችላት። ምንም አልተናገሩም። የምተረጉመው አልነበረኝም።

“ህም” አሉ እማማ።

ከዚያ የአንደኛዋ ወንድም መጣ። ባል አግኝቶላታል፤ ሊወስዳት በሩን በርግዶ ቆመ። እሷም መለሰችለት።

“ምን አለችው?” አሉ እማማ።

ፊልሙን ፖዝ አድርጌ አቆምኩት። እማማ ፊልም ሲያስቀይማቸው አይናገሩም፤ መነጽራቸውን አውልቀው ማስቀመጫው ውስጥ ይከታሉ። ማስቀመጫው ቀጭ ካለ ፊልሙ አለቀ። ዛሬ ቀጭ ካለ ደግሞ በሴቶቹ ላይ ብቻ አይደለም፤ እኔም ላይ ነው። “የአክስቴ ልጅ ናት አለችው” ማለት እችል ነበር። አፌ ላይ ነበር። ግን ዓሣው ትዝ አለኝ።

“‘የምኖረው ከእሷ ጋር ነው፤ የምወደው እሷን ነው’ አለችው።”

“እንደ እህት?”

“አይደለም፣ እማማ። እንደ ባልና ሚስት።”

እማማ መነጽራቸውን አወለቁ። በነጠላቸው ጫፍ ይወለውሉት ጀመር። ማስቀመጫው ጉልበታቸው ላይ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።

“ያቺ በትኩሳት የሞተችውስ?”

“እሷም።”

“በመስኮት የምታየዋ?”

“እሷም።”

“ታዲያ እናትሽን በከንቱ ነው ሴንቴኒያል የላክኋት?”

“ታርቀዋል እኮ፣ እማማ።”

መነጽራቸውን ደግመው ወለወሉ።

“በእኛ ሃይማኖት ይኸ አይሆንም” አሉ። “እሱን እንዳትረሺ።”

“እሺ።”

“አጥንቱን ስትለቅምላት ግን ጠርጥሬያለሁ። ለአክስት ልጅ፣ ያውም በኩርፊያ ላይ፣ እንዲያ የሚለቅም የለም።” መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። “በይ ክፈቺው። ያ ወንድሟም በሩን ይዝጋ፤ ቤቱን አበረደባቸው!”

ከፈትኩት። ወንድምየው ገና በሩ ላይ እንደቆመ እናቴ ከሥራ ገባች። ጫማዋን እያወለቀች “ስለ ምንድን ነው ደግሞ?” አለች። አፌን ስከፍት እማማ ቀደሙኝ።

“ሁለት ሴቶች ናቸው። ይዋደዳሉ።”

“የአክስት ልጆች?”

“አይደሉም። አንቺ ግን ሴንቴኒያል መሄድሽን እንዳታቋርጪ።”

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ቴሌቪዥኑን አየሁ። ከዚያ አጠገባችን ቁጭ አለችና “ሰውየው ምን ፈልጎ ነው?” ብላ ጠየቀች። እኔም ከዚያ ጀምሮ ያለውን በሙሉ፣ አንድም ዘመድ ሳልጨምር፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተረጎምኩ።