ቄሱ የሰረዟት ፊደል

አባቴ ኢሳኮር ጫማ ሰፊ ነበር። በዚህ በዌልስ ተራራ ሥር እሱ የሰፋውን ያልተጫማ ሰው የለም። ጫማ ሊያሠራ የመጣውን ሽማግሌ ግን እግሩን ከመለካቱ በፊት "የማሳችሁ ስም ማን ነው? ለምን እንዲያ ተባለ?" ብሎ ይይዘዋል። የሰማውን በደብተር ይጽፋል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ አደረገ። እናቴ "እግር ለካ ቢሉት አፍ ይለካል" እያለች ታሾፍበት ነበር።

በዚያ ዘመን የድሮ ነገር መቆፈርና መጻፍ ጌቶቹን ሁሉ ለክፏቸው ነበር። ከእንግሊዝ የተሾሙልን ቄስ ታክዌልም አልዳኑም። ቋንቋችንን አያውቁም። የአባቴን ደብተር ለሳምንት ብለው ተዋሱ፤ በሁለተኛው ዓመት በራሳቸው ስም መጽሐፍ አድርገው አሳተሙት። የአባቴ ስም የለበትም፤ "ካልተማረ ባላገር የሰማሁት" ይላል። ደብተሩም በዚያው ቀረ።

በዚህ የነደድኩት እኔ ነኝ። አባቴን ያንገበገበችው አንዲት ስም ናት። ከቤታችን በላይ የድንጋይ ክምር ያለበት ማሳ "ካይር ቤዛይ" ይባላል፤ የመቃብሮች ማሳ ማለት ነው። በእኛ አጻጻፍ "ደ" ሁለት ጊዜ ሲደረደር ለዝቦ ወደ "ዘ" ይጠጋል። ቄሱ "ቤዛይ" በሁለት "ደ" ተጽፎ ሲያዩ ጫማ ሰፊው ፊደል አልቆጠረም ብለው አንዷን ሰረዟት። ከዚያ መዝገበ ቃላት ገልጠው የሚቀርባትን ፈለጉ፤ "ቤዱ" የሚባል ዛፍ አገኙ። የዛፍ ማሳ ብለው አተሙት።

የመሬቱ ጌታ ያንን ድንጋይ ለአጥር ሲመኘው ኖሯል። እጁን የያዘው መቃብር ነው መባሉ ብቻ ነበር። መጽሐፉን አነበበና ሠራተኛ ቀጠረ።

አባቴ እኔን አስከትሎ ቄሱ ዘንድ ሄደ፤ በተሰባበረ እንግሊዝኛው ለመናቸው።

"አባታችን፣ ያቺን ስም ያርሙልኝ። ሙታን አሉበት።"

"መጽሐፉ እኮ ታትሟል፣ ኢሳኮር።"

"ስሕተት ስለታተመ ይቃናል እንዴ?"

"አንተ ጫማህን ስፋ። ቋንቋውን ለተማረ ተው።"

"የእናቴ ቋንቋ ነው" አለ አባቴ። ቄሱ ሳቁ።

በሦስተኛው ቀን አጥንት ወጣ። ቄሱ በፈረስ ደርሰው ከአጥንቱ ጋር የተገኘውን ሸክላ በሣጥን አስጭነው ሄዱ። አጥንቱን ድንጋይ የሚጎትተው በሬ ረገጠው። አባቴ የቻለውን ያህል በቆዳ ሽርጡ ለቅሞ ጓሮ ቀበረ።

ወር ሳይሞላ ቄሱ ደጃችን መጡ።

"ደብተሩ ላይ የሌሉ ስሞች ታውቃለህ አሉ" አሉት፣ ለስለስ ብለው።

"ከስድሳ ይበልጣሉ። ደብተሬን ከወሰዱ ወዲህ በልቤ ነው የምይዘው።"

"ንገረኝ። አሁን ስምህን አሳትምልሃለሁ።"

"እኔ ጫማ ሰፊ ነኝ። እግርዎን ያምጡና ልለካ።"

መንደሩ በዚህ መልስ ዓመት ሙሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። አባቴ ግን ከዚያ ወዲያ ለማንም አንድ ስም አልተነፈሰም። በሞት አልጋው ላይ "አባዬ፣ ለእኔ እንኳ ንገረኝ" ብዬ ብለምነው "አንቺም ለሰው ታወሪያለሽ" ብሎ ፊቱን አዞረብኝ።

ቄሱን ይቅር አላልኩም። አባቴንም አላልኩም። ትናንት የጌታው ሰዎች ከወንዙ ማዶ ያለውን ጉብታ ሊቆፍሩ መጥተው ስሙ ማን ነው፣ ምን አለበት ብለው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው።