ቅቤ የተቀባ ፊት በፍላሽ ሲነሳ

ከጎንደር የወጣሁት ሐሙስ ጠዋት በአንድ ሰዓት ነው። የምሄደው አምባ ጊዮርጊስ፣ ያበላሸነውን ፎቶ ደግሜ ላነሳ። ከሦስት ሳምንት በፊት የፎቶ ቤቱ ባለቤት፣ አለቃዬ፣ እዚያ ሄዶ ለገበሬ ማህበሩ መታወቂያ ሰዎቹን አንስቶ ነበር። ስናጥበው የብዙዎቹ ፊት ነጭ ወረቀት ሆነ። አይን አለ፣ ጢም አለ፣ ግንባርና ጉንጭ የለም። ጓድ ሊቀመንበሩ ማህተም አልመታም አለና መለሰው። አለቃዬ ታዲያ ምን ብሎ ቢልክባቸው ጥሩ ነው? «ተነቃንቃችሁ ነው።» የተነቃነቀ ፎቶ ይደበዝዛል እንጂ አይነጣም። ትምህርት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት እኔ ይሄን አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

ቦርሳዬ ውስጥ ራሴ የሠራኋት የፍላሽ መሸፈኛ አለች። ከነጭ የዘይት ጀሪካን መዳፌን የምታህል ቆርጬ፣ በሻማ እሳት አጉብጬ፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ ፍላሹ ላይ የማስራት። ብርሃኑ ፊት ላይ እንደ ጥፊ ከሚያርፍ በሷ በኩል ተበትኖ እንዲወጣ ነው። አለቃዬ አይቶ «የሕፃን መጫወቻ» አለኝ።

መንገዱ ላይ ባለው የፍተሻ ኬላ አውቶቡሳችን ግማሽ ሰዓት ቆመ። ሁላችንም ወርደን መታወቂያ አሳየን። አንዱ መታወቂያ ስለሌለው ከነፍየሉ ተመለሰ።

አራት ሰዓት ላይ ደረስኩ። ዝናብና ጉም። ውጭ ማንሳት አይታሰብም፣ የማህበሩ አዳራሽ ደግሞ ድቅድቅ ጨለማ ነው። መጀመሪያ የተቀመጡት አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሚስታቸው ታማ በጤና ጣቢያው መኪና ጎንደር ሆስፒታል ተወስዳለች። እሳቸው ያለ መታወቂያ ኬላውን ስለማያልፉ እስካሁን አላዩዋትም።

ቀርቤ ሳያቸው ፊታቸው ከነአንገታቸው በቅቤ ያብረቀርቃል። ያኔ ገባኝ። ፊታቸውን ያጠፋው ቅቤው ነው፤ ፍላሹን እንደ መስታወት እየመለሰ።

«አያ፣ ቅቤውን ትንሽ ይጥረጉት።»

«ምነው? ፎቶ ልነሳ መጥቼ እንዳጣ ሰው ደረቅ ፊቴን?»

«ተዋቸው» አለ ከወረፋው አንዱ፣ «ለመታወቂያ ሳይሆን ሚስት ሊያጩ ከሽማግሌ ጋር የሚላክ መስሏቸው ነው።» ሳቁ። አያ ታከለ አልሳቁም።

አልተከራከርኩም። ከጤና ጣቢያው ፋሻ ለምኜ መሸፈኛዋ ላይ ሁለት ዙር ጠመጠምኩ። ብርሃኑ ስለሚቀንስ ሌንሱን ይበልጥ ከፈትኩት። ላነሳ ስል ሰውዬው አይናቸው ፈጧል፣ ደረታቸው ቀጥ ብሏል።

«ይተንፍሱ እንጂ አያ።»

«እንዳልነቃነቅ ነዋ። ያኔ እኔ ነኝ አሉ ያበላሸሁት።»

«አልተነቃነቁም። ያበላሸነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ቀን ምነው ዝም አላችሁ?» አሉ። አለቃዬ ለአንድ ሰው አንድ ብቻ ብሎኝ ነበር፤ እሳቸውን ሁለት አነሳኋቸው።

አርብ ጠዋት ጎንደር አጠብኩት። ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ እያለ የግንባራቸው ሽብሽብ አንድ በአንድ ወጣ። ቅቤውም አለ፣ ወዝ ሆኖ። አለቃዬ ከኋላዬ አየና «እንግዲህ እንዲህ ነው የምናነሳው» አለ፣ መላውን እሱ ያመጣው ይመስል። ፎቶዎቹን ከሰዓት በሚወጣው አውቶቡስ ለማህበሩ ላክኋቸው።

ከዚህ መንገድ የያዝኩት ይሄ ነው፦ ፍላሽ ከመተኮስህ በፊት ፊቱን ቀርበህ እይ። ካበላሸህ ደግሞ በዚያው ቀን ተናገር፤ ሰውዬው የሚጠብቀው ሰው አለው።

ሰኞ አያ ታከለን በሱቃችን ደጅ ሲያልፉ አየኋቸውና ጠራኋቸው። እጃቸውን አነሱልኝ እንጂ አልቆሙም። ወደ ሆስፒታሉ እየተጣደፉ ነበር።