ፈንታሁን መሪውን የያዘ ቀን

ባለፈው ዓርብ ባለቤቴ ከገበያ ቡሪ የሚባለውን ዓሣ ገዝታ መጣች። ነጭ ሽንኩርትና ሎሚ ቀባብታ ስትጠብሰው ሽታው ቤቱን ሞላው። እኔም በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩና ከኮሮናው በፊት የነበረ አንድ የሐምሌ ዓርብ ትዝ አለኝ። ወላጆቻችን ሐምሌ ሲባል ዝናብና ጭቃ ነው የሚታያቸው፤ እስራኤል ያደግነው እኛ ግን የምናውቀው አስፋልት የሚያቀልጠውን ፀሐይ ነው።

ፈንታሁን፣ አስረስና እኔ ቂርያት ማላኪ ውስጥ አንድ ሕንፃ ላይ አብረን ያደግን ጓደኛሞች ነን። በኋላ የፈንታሁን ቤተሰብ ወደ ገዴራ፣ የአስረስ ደግሞ ወደ ያቭነ ሄደ። ከሠራዊቱ ከወጣን በኋላ ሥራ ጨርሶ ለያየን። እኔ ፋብሪካ ገባሁ። አስረስ ባሕር ኃይል ውስጥ የተማረውን ይዞ አሽዶድ ወደብ ጀልባ ይጠግን ጀመር። ፈንታሁን የአውቶቡስ ሹፌርነት እየተማረ ሳለ በዚያ ዓመት ጸደይ አባቱ ድንገት ሞቱ።

ለቅሶው ካለቀ በኋላ ፈንታሁን ክፍሉን ዘጋ። ትምህርቱን ተወ፤ ስልክም አያነሳም። አንድ ቀን እናቱ እማማ ትርንጎ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ እህል አልቀምስ አለኝ» አሉ። «ባሌን ቀብሬያለሁ፤ ልጄንም ቆሜ እያየሁት ልጣው?»

ወዲያው ለአስረስ ነገርኩት። «የምጠግናት ባለሸራ ጀልባ ባለቤት ውሰድ ብሎ ፈቅዶልኛል። ዓርብ ይዘኸው ና፣ በሸራ አሽቀሎን ደርሰን ሰንበት ሳይገባ እንመለሳለን» አለኝ።

«ባሕር የሚፈራውን ሰው?»

«ቤት ተቀምጦስ ምን አተረፈ?»

ዓርብ ጠዋት ገዴራ ስደርስ እማማ ትርንጎ ለሰንበት ከጋገሩት ዳቦ አንዱን ገና ትኩሱን በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ፈንታሁን ከሶፋው አልተነሳም። ከስቶ ሸሚዙ ሰፍቶታል።

«ዛሬ አይሆንልኝም ሙሉጌታ፣ ሌላ ጊዜ» አለኝ።

እማማ ትርንጎ ከኩሽና ብቅ አሉ። «አባትህ ቢኖር ኖሮ ጓደኛህን ከደጅ ትመልሰው ነበር?»

ፈንታሁን ተነሣ። ጫማውን ፈለገ።

ያቭነ ላይ አስረስ ሳምቡሳ የመሰለውን ቡሬካስ በወረቀት ይዞ መንገድ ዳር ሲጠብቀን አገኘነው። ፈንታሁንን አቅፎ ብዙ ቆየ፤ ስለ ሐዘኑ ግን አንድም ቃል አልተናገረም። የመኪናዬን መስኮት ከፍተን በወይን ማሳና በብርቱካን ተክል መሃል ወደ አሽዶድ ወረድን። ቡሬካሱን ሁለታችን በላነው፤ ፈንታሁን አልነካውም።

ከወደቡ ስንወጣ ባሕሩ ጸጥ ያለ ነበር። አስረስ ሸራውን ሲዘረጋው ነፋሱ ቀስ ብሎ ሞላው፤ ያለ ሞተር ድምፅ በስተግራችን የአሸዋውን ዳርቻ እያየን ወደ ደቡብ ሄድን። ፈንታሁን ጥግ ይዞ ብረቱን ሙጭጭ አድርጎ ተቀመጠ። እንዲህ ያለውን ጸጥታ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

የአሽቀሎን ሕንፃዎች ከሩቅ መታየት ሲጀምሩ ነፋሱ በረታ። ጀልባዋ ወደ ጎን አዘነበለች፤ የሸራው ገመድ ምሰሶው ላይ ተጠምጥሞ ሸራው አልወርድ አለ። አስረስ ወደ ምሰሶው ወጥቶ ገመዱን በእጁ ሊፈታው ግድ ሆነበት። እኔ ደግሞ ባሕሩ አዙሮኝ ጠርዙ ላይ ተደፍቼ አስመልሳለሁ።

«ፈንታሁን! መሪውን ያዝ!» ብሎ ጮኸ አስረስ።

«አልችልም!»

«ፊቷን ወደ ነፋሱ አድርጋት! እኔ እዚህ ላይ ነኝ!»

ፈንታሁን ተንበርክኮ መጣና መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ማዕበሉ ፊቱን በጨው ውሃ እየመታው ዓይኑን ከአስረስ ላይ አልነቀለም። ጀልባዋ ስትዞር ይጎትታታል፤ ስትመለስ ቀስ ብሎ ይለቅላታል። አስረስ ገመዱን ፈትቶ ሸራውን እስኪያወርድ ድረስ እንደዚያው ያዘ። ከዚያም ሞተሩን አስነሥተን ገባን።

አሽቀሎን ወደብ አጠገብ ካለች ትንሽ ምግብ ቤት ሦስት ቡሪ ከከሰል ላይ አነሡልን። ጠሂና የሚሉትን የሰሊጥ ማባያ፣ ቲማቲም፣ የወይራ ፍሬ አቀረቡ። እኔ የእማማ ትርንጎን ዳቦ ቆረስኩ። አስረስና እኔ ሌላ ሌላ እያወራን ፈንታሁንን ላለማየት እንታገላለን። እሱ ዳቦውን አነሣ፤ ዓሣውን ቀመሰ፤ ከዚያ አሳላፊውን ጠራና «ቃሪያ የላችሁም?» አለው።

አስረስ ፊቱን ወደ ባሕሩ አዞረ። እያለቀሰ እንደነበር አውቃለሁ።

ፈንታሁን አጥንቱ ብቻ እስኪቀር በላ። ከጠገበ በኋላ ራሱ ጀመረ፦ «አባዬ፣ አውቶቡስ ስትነዳ የመጀመሪያው ተሳፋሪህ እኔ ነኝ ይለኝ ነበር። እሱ ከሌለ ለማን ልንዳ?»

ስለ አባቱ እንዲያወራ ተውነው፤ ሲያወራ ሲያወራ አንድ ቦታ ላይ ሳቀም። ከዚያ አስረስ ሰዓቱን አየና «ያላ፣ ተነሡ፣ ሰንበት ሊገባ ነው» ብሎ አስነሣን።

ፈንታሁን በመስከረም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ዛሬ በገዴራና በረሖቮት መሃል አውቶቡስ ይነዳል፤ የሁለት ልጆች አባት ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴን አፈር አለበስኳት። በሺቫው፣ በለቅሶ መቀመጫው ሰባት ቀን፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ነበር፤ በስምንተኛው ባዶ ቀረ። በዚያን ዕለት ፈንታሁን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ መጣ። ኩሽና ገብቶ የተከመረውን ሳህን አጠበ፤ ቀጥሎም ሁለት እንቁላል ጠብሶ አጠገቤ ተቀመጠ። በማግሥቱም መጣ። ሰው በሕይወቱ ብዙ ነገር ይመኛል፤ እኔም ገና የምመኘው አለኝ። ሳልለምነው የተሰጠኝን ስቆጥር ግን ፈንታሁንንና አስረስን አስቀድማለሁ፤ ፈጣሪንም አመሰግናለሁ።