ተከላካዮች በአሥረኛው ቀን ገቡ

ውርጌሳ ላይ ታጣቂዎች አውቶቡሱን አስቁመው ሲፈትሹ ሻንጣዬ ውስጥ ያገኙት ልብስና ሦስት ወፍራም ደብተሮች ብቻ ነበር። ፈታሹ አንዱን ገለጠ። ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ጥቂት አነበበና "ውረጂ" አለኝ። አውቶቡሱ ወደ ደሴ ቀጠለ፤ እኔን ወደ መርሳ መለሱኝ።

ያስገቡኝ የእህል መጋዘን የነበረ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። የነቀዝ መድኃኒት ሽታ ከግድግዳው አልለቀቀም፤ ዓይን ያቃጥላል። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን፤ የምንተኛው በተራ ነው። ከጎኔ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የመጡ አሮጊት ነበሩ። የተያዙት ልጃቸውን ፍለጋ ወጥተው ነው። ምንም ሳይጠይቁኝ የነጠላቸውን ጫፍ አለበሱኝ።

ደብተሮቹ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ ነበሩ። ከሐራና ከመርሳ ዙሪያ የአገር ዶሮ እንቁላል እሰበስባለሁ። ጫጩቱ ገና ቅርፊቱ ውስጥ እያለ፣ በሽታ የሚከላከሉ ሴሎች በስንተኛው ቀን የት እንደሚሰፍሩ በአጉሊ መነጽር እያየሁ እመዘግባለሁ። ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ መንደሩን ሙሉ ሲጨርስ የአንዳንድ ቤት ዶሮ ለምን እንደሚተርፍ ማወቅ ፈልጌ ነው። የባለቤቶቹን ስም ደብተሩ ላይ አልጻፍሁም። ለየቤቱ ፊደልና ቁጥር ሰጥቻለሁ። የስም ዝርዝሩን ጦርነቱ ሲጀመር ቀድጄዋለሁ።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው አስጠራኝ። ደብተሩን ከፍቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ።

"'ተከላካዮች በአሥረኛው ቀን ገቡ። ከረጢቱን ያዙ። ሰባት ሕያው፣ አምስት ሙት።' ይሄ ጫጩት ነው?"

"ጫጩት ነው። ከረጢቱ ከጭራው ሥር ነው ያለው፤ ተከላካይ ሴሎቹ የሚሰፍሩበት።"

"'መ ሦስት'ስ?"

"እንቁላል የሰጠኝ ቤት ነው።"

"የማን ቤት?"

መ ሦስት ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እንቁላሎቹን ጭድ ውስጥ ቀብራ ታቆይልኝ ነበር። ስሟን ብጠራ በዚያው ቀን ከእኛ ጋር ትተኛለች።

"ስሞቹን ስጪኝ፣ ደብተርሽን ይዘሽ ትወጫለሽ" አለ። መልስ ሲያጣ በር ላይ ሻይ የሚያፈላውን ጠባቂ ጠርቶ ደብተሩን ሰጠው። ጠባቂው ጥቂት ገጽ ቀደደና ምድጃው ውስጥ ከተተ። ወረቀቱ ጥሩ ወረቀት ነበር፤ ቶሎ እሳት ያዘ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ እንዲሁ ሆነ። ይጠይቀኛል፣ ዝም እላለሁ፣ ይቀደዳል። አንድ ጠዋት ሁለተኛው ደብተር ሊያልቅ ሲል አፌን ከፈትሁ። የመ ሦስቷ ሴት ስም ምላሴ ላይ ነበር። "ውሃ" አልሁ። ውሃ አመጡልኝ፤ ጠጣሁ፤ መልሰው አስገቡኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ።

"ምን ነበረበት፣ ልጄ?" አሉኝ አሮጊቷ። "እሱ ደብተር።"

ነገርኋቸው። ጫጩት ሳይፈለፈል ጠባቂዎቹን እንደሚያበጅ።

"እናቱ አይደለችም እንዴ የምትጠብቀው?"

"እርሷም ታወርሰዋለች፣ እማማ። በእንቁላሉ አስኳል። ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ያልቃል። ከዚያ የራሱ ከሌለው ይሞታል።"

"እኔም ለልጄ የሰጠሁት ይሄኔ አልቆበታል" አሉና አሮጊቷ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ሦስተኛው ደብተር ያለቀ ዕለት ፈቱኝ። አሮጊቷ እዚያው ቀሩ። የምፈርምበት ወረቀት ቀረበልኝ፦ "የምስጢር መልእክት ደብተር፣ ሦስት፣ ተመልሶልኛል።" እስክሪብቶውን ተቀብዬ መስመሩን ሰረዝሁት። ከሥሩ "የጫጩት ጥናት ደብተር፣ ሦስት፣ አልተመለሰልኝም" ብዬ ጽፌ ፈረምሁ።

መርማሪው አነበበው። "በዚህ ምክንያት ተመልሰሽ ልትገቢ ትችያለሽ" አለኝ።

"እገባለሁ" አልሁ።

ትንሽ አየኝና ማኅተሙን መታበት።

አሁን ወልድያ ነኝ። አሮጊቷ ልጃቸውን ያግኙ አያግኙ አላወቅሁም፤ ጉባ ላፍቶ ወጥቼ ጠይቄ የሚያውቃቸው አጣሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ከግማሽ በላይ ቁጥሩን በቃልሽ ታውቂዋለሽ፤ ለምን አትጽፊውም?" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ አውቀዋለሁ። ግን እያዩ፣ እየቆጠሩ ያልጻፉት ነገር መዝገብ ውስጥ አይገባም። ሰው አስታወስሁ ብሎ የሚሞላው ሠንጠረዥ ደግሞ የእርሱ ምኞት ነው። ባለፈው ወር አዲስ ደብተር ከፍቼ ከአንድ ቤት በተገኙ ስድስት እንቁላሎች ጀመርሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሌላ አሥራ አንድ ዓመት የለኝ ይሆናል። ከማስታውሳቸው ቁጥሮች ግን አንዱንም አላስገባሁበትም።