ማሻሻያ ለጣፊው

በሕግ ቤተ መጻሕፍቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ሁልጊዜ እኚህን ሽማግሌ አገኛቸዋለሁ። ጣቶቻቸው ላይ የደረቀ ሙጫ ተቀርፎ አያልቅም፤ የኮታቸው ክርን በሌላ ጨርቅ ተጥፏል። ሥራቸው ሕገ መንግሥቱ በተሻሻለ ቁጥር፣ አዲሱን አንቀጽ የያዘ ብጣሽ ወረቀት በየመጽሐፉ መለጠፍ ነው። ሙጫ የሚቀቡት የላይኛውን ጠርዝ ብቻ ነው።

«የድሮውም ተገልጦ ይነበባ! ሟች እንኳ መቃብሩ ላይ ስሙ ይጻፍለታል» ይላሉ።

በሃያ ሁለት ዓመት የለጠፉት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። «እንዲህ በዋዛ አይነካም። ምክር ቤቱ ተከራክሮ፣ እጅ ተቆጥሮ፣ ታትሞ ነው እኔ ዘንድ የሚደርሰው» ሲሉ ደረታቸው ነፋ ይላል።

ዛሬ ግን የሙጫውን ቆርቆሮ ከፍተው አንድ ገጽ ላይ አፍጥጠዋል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። የተያዘ ሰው በሁለት ቀን ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ የሚለው ገጽ ነው።

«ተሻሻለ እንዴ፣ አባባ?»

«ማን ነክቶት! እንደታተመ ነው» አሉኝ። «ልጄ ከተወሰደች ግን ሦስተኛ ወሯን ይዛለች። ዳኛ የሚባል አላየችም። ትናንት ይህንኑ ገጽ ይዤ ጣቢያ ብሄድ፣ ተረኛው አየት አደረገና ‹አባቴ፣ እሱ እኮ መጽሐፍ ላይ ነው› አለኝ።»

ብሩሹን ሙጫው ውስጥ ነከሩት፤ አውጥተው ከገጹ በላይ ያዝ አደረጉት፤ መልሰው አስቀመጡት።

«መለወጡን ይለውጡት፤ ምን አቅም አለኝ?» አሉ። «ወረቀቱን እንኳ ቢሰጡኝ እለጥፈው ነበር።»