የካርቲዬ ዜሮ በር

ብየዳ የጀመርኩት በጂኖቹ ሰፈር፣ በካርቲዬ ዜሮ በር ላይ ነው። አሠሪዬ ጋሽ ወርቁ ማሽኑን በጋሪ አስጭነው፣ ኤሌክትሮዱን እኔን አሸክመው ወሰዱኝ። የበሩ የታችኛው ማጠፊያ ተሰንጥቆ ነበር። አባቴ ከአገር ቤት ወደዚህ የወደብ ከተማ የመጣ የድሮው ባቡር ሠራተኛ ስለነበር ብረት እያየሁ ነው ያደግኩት። ከብረቱ ጀርባ የቆሙትን ግን በቅርብ አይቼ አላውቅም።

«ማስክህን አውርድና ሥራህን ተመልከት» አሉኝ ጋሽ ወርቁ።

አወረድኩ። በጥቁሩ መስታወት እሳት ካልተለኮሰ በቀር ምንም አይታይም፤ የራስህን እጅ እንኳ አታይም። ጂኖቹ ግን ይታዩ ነበር። አመድ የለበሰ ፍም ይመስላሉ፤ ቆመው ያዩኛል። ኤሌክትሮዱ ከእጄ ወደቀ። ጋሽ ወርቁ ሳቁና «ሱሪህን ፈትሸው እስቲ፣ ደረቅ ነው?» አሉኝ። ማጠፊያውን የበየዱት እሳቸው ናቸው።

ከተማችንን ለማያውቅ አንባቢ ይህን ላስረዳ። ጂኖች ሙቀት ይጠጣሉ። ጠዋት ጠዋት ከካርቲዬ ዜሮ የጭነት ሳጥኑ የእንጨት በሆነ አይሱዙ እየተጫኑ የሀብታሞቹ ሰፈር ወደሆነው ሀራሙስ ይወሰዱ ነበር፤ እዚያ በየቪላው ግድግዳ ሥር ቆመው የቤቱን ሙቀት ሲስቡ ይውላሉ። ባለቪላዎቹ በሐምሌ ሐሩር ብርድ ልብስ ይለብሳሉ፣ እኛ በየካርቲዬው፣ ማለት በየሰፈራችን፣ ጣሪያ ላይ ወጥተን እንተኛለን። ጂኖቹ ሲመለሱ በባሕሩ በኩል ያልፉና የጠጡትን ውሃው ውስጥ ያፈሳሉ። ካላፈሰሱ ከውስጥ ይነዳሉ። ብረት ደግሞ አይነኩም፤ ብረት የነካ ገላቸው ውሃ እንደገባ ጨው ይሟሟል። ሰፈራቸው ዙሪያውን በብረት የታጠረው ለዚህ ነው። እኛም በያጆቹ ከዚያው አጥር ነው የምንበላው።

እኔ መጀመሪያ የብየዳ ቅርፊት አራጋፊ ሆንኩ፣ ቀጥሎ ፍሌክስ የሚባለው ብረት መሞረጃ ያዥ፣ ከዚያ በያጅ። ጋሽ ወርቁ ሲያርፉ ማሽኑም የበሩ ሥራም ለኔ ቀረ። የባሕር አየር ብረት ይበላል። ዝገት መፋቅ፣ የተበላውን ላሜራ ቆርጦ ማውጣት፣ አዲስ መግጠም፣ ቀለም መቀባት፤ አንዱን ጥግ ስጨርስ ሌላው ይጀምራል።

ስሠራ ከወዲያ በኩል መጥታ የምትቆም አንዲት ጂን ነበረች፣ ሀዋ የምትባል። የሰፈሩ ትልቅ ሰው እሷ ናት። ድሮ ወደቡ ዳር ዶራሌ የሾፌሮች ማረፊያ ስታቀዘቅዝ ከአገር ቤት ከሚመጡ የኛ ሾፌሮች አማርኛ ለምዳለች፤ ስለዚህ አማርኛዋ የሾፌር ነው። እጄ ሲዝል ታያለች፣ «ምነው፣ ጎማህ ተነፈሰ?» ትለኛለች። እኔም እትዬ ሀዋ እላታለሁ። ስቀን እናውቃለን። ቢሆንም ዕቃዬን ሰብስቤ ስሄድ ሁልጊዜ ጀርባዬን ሳልሰጣት ነበር የምሄደው። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም።

ባለቤቴ ዘነበች ሀራሙስ ኮማንዳኑ ቤት ምግብ ታበስል ነበር። ኮማንዳኑ የካርቲዬ ዜሮ ጥበቃ አዛዥ ነው። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ተቀመጠች።

«ሻይ ሳቀርብ ፈረንሳይኛ የምሰማ አይመስላቸውም» አለችኝ። «የከተማው ሹም ሥልጣኑን ሊለቅ ነው፤ በቦታው ማንን እንደሚያስቀምጥ ሰሞኑን ይወስናል። የወደቡ ሹም የጂኖቹ በር ይነሳ እያለ ሰው እየወደደው ነው። ኮማንዳኑ ደግሞ ካምሲን ሲነሳ በሩን ሊያስበይደው ነው።»

ካምሲን በሐሩሩ ወራት ከበረሃው የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ነው። ካምሲን በሚነፍስበት ቀን ጂኖቹ ሥራ ባይገቡም እንኳ ከአየሩ ብቻ ይሞላሉ፤ ስለዚህ በሩ ተከፍቶ ከቪላዎቹ ወደ ባሕር ሲመላለሱ ይውላሉ።

«ውስጥ ተዘግተው ይነዳሉ እኮ!» አልኳት።

«እሱንስ አይደል የፈለገው? ሲነዱ ከተማው እሳቱን ያያል። ‹አደገኛ ናቸው አላልኳችሁም? በሩን ሊያነሳ የነበረው ይሄ ሰው ነው› ይላል። ወንበሩን ያገኛል።»

«ጂኖቹስ?»

«እነሱማ ማገዶ ናቸው።»

በማግስቱ እንዳትሄድ ለመንኳት። ብትቀር እንደሰማች ያውቃሉ፣ ስለዚህ ሄደች። እኔም ልክ ነሽ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ የኮማንዳኑ አጁዳን፣ የቅርብ ረዳቱ፣ ወደ ብየዳ ሱቄ መጣ። ረጅም፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። እንደሱ ያለውን ነው የምፈራው።

«ኮማንዳኑ ሰላም ብሎሃል። የሚስትህ ምግብ በጣም ይጥመዋል» አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ።»

«ነገ ካምሲን ይነሳል ተብሏል። ጠዋት መጥተህ በሩን ዙሪያውን ትበይደዋለህ። ለጥገና ነው። ሥራው እስኪያልቅ ሚስትህ እዚያው ትሰንብት ብሏል፤ ማደሪያ ተሰጥቷታል።»

ዙሪያውን የተበየደ በር ጥገና አይባልም። ይህን ግን አልተናገርኩም። እሺ አልኩ። ሲሄድ ዘነበች ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ደጋግሜ ደወልኩ። 

በያጅ ፍሬም ሲገጥም መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ይመታል፣ ብረቱ እንዳይጣመም። ነጥቡ ፍሬሙን ለጊዜው ይይዛል እንጂ አይዘልቅም፤ በደህና እንጨት ቢገፉት ይነቀላል። በላዩ ስቱኮ ለቅልቀህ፣ ፍሌክስ አስሂደህ፣ ቀለም ከቀባኸው ግን ሙሉ ብየዳ ይመስላል። ሌባ በያጅ ደንበኛ የሚያታልለው እንዲህ ነው። እኔም በማግስቱ ጠዋት በሩ ላይ እንደ ሌባ ሠራሁ። ጥበቃዎቹ ራቅ ብለው ጥላ ይዘዋል። ሰማዩ ከወዲሁ ቡናማ ሆኗል።

ሀዋ ከወዲያ በኩል መጣች። በቀን እንኳ ግላ ትታይ ነበር፤ ወላፈኗ ከርቀት ይጋረፋል። ፍሌክሱን አስነስቼ በጩኸቱ ሥር በአማርኛ ነገርኳት፦ «እትዬ ሀዋ፣ ነጥብ ብቻ ነው የመታሁት። የአልጋችሁን እግር ነቅላችሁ በእንጨት ግፉት። ጥበቃዎቹ ነፋሱን ሸሽተው ሲገቡ።»

«ስንት ዘመን በየድክብን አንተ?»

«ብዙ ዘመን።»

«ታዲያ ዛሬ ምን ነካህ?»

«ሚስቴን ይዘዋታል።»

«ሚስትህን ከያዙማ ደህና አድርገህ ነው የምትበይደው። ለምን ልመንህ?»

 «እኔ እንጃ፣ ፈርቻለሁ» አልኳት። «እነሱንም እፈራለሁ፣ አንቺንም እፈራለሁ፣ ከዚህ በኋላ መኖሩንም እፈራለሁ።»

 «ይሄ እንኳ እውነት ይመስላል» አለችና ወደ ውስጥ ገባች።

ቀለሙን ቀብቼ ስጨርስ አጁዳኑ መዶሻ ይዞ መጣ። ስለ ብየዳ የሚያውቅ አልመሰለኝም ነበር። ከላይኛው ጥግ ጀመረ። አንዴ መታ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣ እንደገና መታ። ድምፁ የታፈነ ነው። በጥፍሩ ቀለሙን ፋቀው፣ ከሥር ስቱኮው ነጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስቱኮ ነው ጌታዬ። ጨው እንዳይገባ መድፈኛ።» 

«አንሳውና እዚህ ጋ እንደገና በይድ። እዚሁ ቆሜ አይሃለሁ።»

ስቱኮውን ፋቅኩ። ማሽኑን አስነሳሁ። ሆነ ብዬ እንዳላበላሽ ዓይኑ እጄ ላይ ነው፤ ዘነበች ደግሞ እሱ ጋ ናት። ከላይ እስከ ታች አንድ ክንድ ያህል ሙሉ ብየዳ ሞላሁ። ቅርፊቱን ሳራግፍ ከሥሩ ያማረ መስመር ወጣ። በመስታወቱ ውስጥ ከበሩ ወዲያ ብዙ ፍም ይታየኝ ነበር። ቆመው ያያሉ።

አጁዳኑ ወደ ቀጣዩ ነጥብ መዶሻውን ሲያነሳ የጫቱ መኪና ጥሩምባ ከዋናው መንገድ ተሰማ። በኛ ከተማ ያ ጥሩምባ ከተሰማ ማንም ምንም ሥራ አይጨርስም። ጥበቃዎቹ ተነስተው ሮጡ። አጁዳኑ አንዴ በሩን፣ አንዴ መንገዱን አየና መዶሻውን ለኔ ሰጥቶኝ ሄደ።

እኔም ቤቴ ሄጄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ነፋሱ አሸዋ ይዞ መጣ። መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ከተማው ጥርሱ ውስጥ ቅጠል ይዞ ተጋድሟል። ወደ ካርቲዬ ዜሮ ሳይ እሳቱ አሁን ይነሳል፣ አሁን ይነሳል እላለሁ። እመቤቴን እየጠራሁ ማተቤን ይዤ ቆምኩ።

እሳት አልተነሳም። ጥቂት ቆይቶ በመንገዳችን መሃል ሙቀት ሲያልፍ ተሰማኝ። ነፋስ አልነበረም፤ ነፋስ እንደዚያ ቀስ ብሎ፣ ተሰልፎ አይሄድም። የጎረቤቴ ልብስ ማድረቂያ ላይ የተሰጣው ጨርቅ ጂኖቹ ሲያልፉ ተጠበሰ። ሌላ ምንም አልነኩም። ከዚያ ከባሕሩ ላይ ነጭ እንፋሎት ተነሳና ፀሐይዋን ጋረዳት።

ዘነበች አመሻሽ ላይ በእግሯ መጣች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ። በር ላይ አቅፌያት አለቀስኩ።

«ቤቱ ጋለ» አለችኝ። ጂኖቹ ስለተዘጋባቸው በዚያ ቀን ቪላዎቹን የሚያቀዘቅዝ አልነበረም፤ ኮማንዳኑ ይህን አላሰበበትም። «እመቤቲቱ ልጆቿን ይዛ በመኪና ወጣች፣ ዘበኛውም ተከተላቸው። እኔን ያስታወሰ የለም። ምን ያድርጉ፣ ለካ ወበቅ አያውቁም!»

ኮማንዳኑ ትልልቆቹን ሰዎች ሰብስቦ እሳት ሊያሳያቸው ሲሄድ ባዶ ግቢ ጠበቀው። በሩን ማስበየዱን ሳያወጣ እኔን ሊከስ አልቻለም። በኋላ ብርድ ወዳለበት አገር አምባሳደር ተደርጎ ተላከ። ወንበሩን የወደቡ ሹም ያዘ። ሀራሙስ ግን መጋሉን አላቆመም፤ በሩ ይነሳ ሲል የነበረው አዲሱ ሹም ከመቀመጡ ጂኖቹን ለመመለስ በሩ ለጊዜው ይጠገን የሚል ትእዛዝ ላከብኝ።

ሥራውን ለማየት ሄድኩ። ነጥቦቹ ሁሉ በእንጨት ተነቅለዋል። ላይኛው ጥግ ላይ፣ እኔ በሞላሁት መስመር አጠገብ፣ የተሰበሩ የአልጋ እግሮች ወድቀዋል። ላሜራው ላይ ደግሞ የሁለት መዳፍ ቅርጽ ገብቷል፣ ጠልቆ። ማሽኔ ተቃጥሏል ብዬ ተመለስኩ። ሌላ በያጅ ቀጠሩ።

ሀዋን ያገኘኋት ከከተማው ወጣ ብሎ ባሕሩ ዳር ነው። ጂኖቹ ውሃው ጥግ ተቀምጠዋል። እሷ ከክርኗ በታች እጅ የላትም።

«ያቺን የላይኛዋን ግን አሳምረህ ነው የበየድካት» አለችኝ።

«እያየኝ ነበር፣ እትዬ ሀዋ።»

«አውቃለሁ። እኔም እያየሁህ ነበር።»

 ፊቷን ወደ ባሕሩ መለሰች።

ለወጣት በያጆች የምለው አንድ ነገር ነው። በር ስትሠሩ ከውስጥም የሚከፈት አድርጉት። ከውጭ ብቻ ይሁን የሚል ደንበኛ ከመጣ ውስጥ ማን እንዳለ ጠይቁት። ካልነገራችሁ ሥራውን አትቀበሉ።